እንስሳው በጠርዙ ይታወቃል

የሦስት ዓመት ልጅ ከአንድ ክንድ ርቀት አይቶ «አንበሳ!» ካላለ፣ የሠራሁት ኩኪስ አንበሳ አልሆነም ማለት ነው። ጎፈሩ ላይ ያፈሰስኩት ቀለም ቢያምር፣ ዓይኑ ውስጥ ያኖርኳት ነጭ ነጥብ ብታበራ፣ ጢሙ አንድ በአንድ በስቴኪኒ ጫፍ ቢሳል፣ ልጁ ካላወቀው ድካሙ ሁሉ ከንቱ ነው። ልጆች እንስሳን የሚለዩት በዙሪያ መስመሩ ነው፤ በጆሮው ሹልነት፣ በጀርባው ጉብታ፣ በጅራቱ አጣጣል። ስለዚህ በዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ ለሚኖሩ ቤተሰቦች የልደትና የሰመር ድግስ ኩኪስ ስሠራ ከሁሉ አስቀድሜ የማስበው ስለ ጠርዝ ነው። ሊጡ ተቆርጦ የወጣበትን ጠርዝ እንደያዘ መብሰል አለበት። አይሲንጉ ጠርዙ ዘንድ ደርሶ መቆም አለበት። ጥቁር ከነጭ የሚዋሰንበት መስመር ሳይደፈርስ መድረቅ አለበት።

ሰመር ሦስቱንም የሚያፈርስ ወቅት ነው። ትእዛዝ የሚበዛውም ያኔ ነው፤ ትምህርት ቤት ይዘጋል፣ ልደቱ ከሳሎን ወጥቶ ግቢ ውስጥና መናፈሻ ውስጥ ይሆናል፣ ጠረጴዛው ላይ ዝሆንና ቀጭኔ ይፈለጋል። አዲስ አበባ ክረምት ላይ ዝናቡ ቢበረታም ብርዱ ስላለ ቅቤ አይቀልጥም። የዚህ አገር ጁላይ ግን ሙቀቱንም እርጥበቱንም በአንድ ላይ ያመጣል። ቀኑ ከ30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ይወጣል፣ አየሩም ውኃ ያዘለ ነው። ስኳር ደግሞ ውኃን ከአየር ላይ ይስባል። ጥር ላይ በአንድ ሌሊት ደርቆ የሚያድረው ሥራ ጁላይ ላይ ጠዋት ሲነካ ጣት ላይ ይለጠፋል። እኔ ቤት ከሚክሰሩ አጠገብ ትንሽ የእርጥበት መለኪያ ተሰቅላለች። ከ50 በመቶ በላይ ካሳየች፣ እርጥበት መምጠጫው ማሽን ሠርቶ እስኪያወርደው ድረስ አይሲንግ አልመታም።

ሊጡ ቀላል ነው፤ ቀላልነቱ ግን ስህተትን አይሸሽግም። 225 ግራም የገበታ ቅቤ፣ 200 ግራም ስኳር፣ አንድ እንቁላል፣ ወደ 400 ግራም የፉርኖ ዱቄት፣ ትንሽ ጨው፣ ቫኒላ። እኔ ተወቅጦ የተነፋ ኮረሪማ የጣት ቁንጢጥ ያህል እጨምርበታለሁ፤ የስኳሩን ጣፋጭነት ይገራዋል፣ ሳጥኑ ሲከፈትም መዓዛው ቀድሞ ይወጣል። ቤኪንግ ፓውደር አልጨምርም። ቤኪንግ ፓውደር ሊጡን በጋዝ ይነፋዋል፣ የተነፋ ሊጥ ወደ ጎንም ይሄዳል፣ የድመቷም ሹል ጆሮ ክብ ሆኖ ይወጣል። ቅቤና ስኳሩንም ለኬክ እንደሚደረገው ነጥቶ አረፋ እስኪመስል አልመታም። የሚፈለገው መዋሃዳቸው ብቻ ነው።

ምድጃው ውስጥ ሁለት ነገር ይሽቀዳደማል። ቅቤው ቀልጦ ሊጡን ወደ ጎን ሊያፈሰው ይቸኩላል፣ ዱቄቱና እንቁላሉ ደግሞ ሊጡን ባለበት ሊያጸኑት ይሞክራሉ። የገበታ ቅቤ ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ባለው ሙቀት ውስጥ ይቀልጣል፤ ከዚያ በፊትም ቢሆን በሰመር ወጥ ቤት ውስጥ ገና ምድጃ ሳይገባ ለስልሶ ይጠብቃል። እንዲህ ለስልሶ ከገባ ሩጫው ተሸንፏል። ስለዚህ ሊጡን በሁለት የመጋገሪያ ወረቀት መካከል አድርጌ ስድስት ሚሊ ሜትር ውፍረት እስኪኖረው እዳምጠዋለሁ፤ ከነወረቀቱ ፍሪጅ ይገባል፤ ከጠነከረ በኋላ በቅርጽ ማውጫው ይቆረጣል። የተቆረጠው ፓትራ ላይ ተደርድሮ እንደገና ፍሪዘር ውስጥ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይቆያል። ከዚያ በቀጥታ 175 ዲግሪ ወደደረሰ ምድጃ፣ ከ10 እስከ 12 ደቂቃ፣ ዳርዳሩ ወርቅማ መሆን እስኪጀምር። ብዙ ጀማሪ ይህን ሁለተኛውን ማቀዝቀዝ ይዘለዋል። እኔ ግን ከመላው ሥራ አንድ ነገር ብቻ አስተምሪ ብባል የማስተምረው እሱን ነው።

ጠርዝ ብቻውን እንስሳን ሊያቆም እንደሚችል የሚመሰክር አሮጌ ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ1902 ናሽናል ቢስኩት ካምፓኒ የተባለው የአሜሪካ ድርጅት በሰርከስ ሠረገላ መልክ በተሳለች ትንሽ ሳጥን የእንስሳት ብስኩት ለገና ገበያ አወጣ። ሳጥኗ የገና ዛፍ ላይ እንድትሰቀል ገመድ ነበራት፤ ገመዱ ከዚያ ወዲህም ለብዙ ዓመታት አብሯት ቆየ። ብስኩቶቹ ቀለም የሚባል የላቸውም። ዙሪያቸው ተቆርጦ፣ ላያቸው ላይ ጥቂት መስመር ተጭኖባቸው፣ በቃ። ሆኖም ከመቶ ዓመት በላይ ልጆች ጎሹን ከጉማሬው ለይተው ሲበሉ ኖረዋል። እ.ኤ.አ. በ2018 የሳጥኑ ሥዕል ተለውጦ እንስሳቱ ከፍርግርጉ ወጥተው ሜዳ ላይ ቆሙ፤ ብስኩቱ ግን ያው ነው። አዲስ እንስሳ ልሠራ ስል ይህን አስባለሁ፤ ባዶውን፣ ያልተቀባውን ኩኪስ ሰው አይቶ ስሙን ካልጠራ ወደ ቀለም አልሄድም።

የቅርጽ ማውጫ ብረት ሲመረጥ ሌላም የሚታሰብ አለ፤ ቀጭን ነገር ይሰበራል። በአንድ እግሩ የቆመ ፍላሚንጎ ገበያው ላይ በብዛት ይሸጣል፣ ለሰመር ድግስም ይፈለጋል፤ ግን እግሩ ከሳጥን እስከ ሳህን አይደርስም። እኔ ተቀምጦ፣ እግሩን አጥፎ፣ አንገቱን በኤስ ቅርጽ ደረቱ ላይ ያሳረፈውን እመርጣለሁ። ቀጭኔን ሙሉ ቁመናዋን ሳይሆን ከአንገት በላይ ብቻ። ኦክቶፐስን እጆቹ እርስ በርስ እንደተጠጉ።

አይሲንጉ ላይ ስደርስ እቆያለሁ፤ ጨዋታው ያለው እዚህ ነው። ሮያል አይሲንግ የላመ ስኳር፣ የእንቁላል ነጭና ውኃ ነው። ጥሬ እንቁላል ሳልሞኔላ ሊያመጣ ስለሚችል ለልጆች በዱቄት መልክ የደረቀውን፣ በሙቀት የታከመውን ነጭ እጠቀማለሁ፤ ለ450 ግራም የላመ ስኳር ሦስት የሾርባ ማንኪያ ዱቄት፣ ከ75 እስከ 90 ሚሊ ሊትር ለብ ያለ ውኃ። ሳህኑና መምቻው ላይ ጠብታ ቅባት ካለ ነጩ አይነሳም፣ ስለዚህ ዕቃውን ከመጀመሬ በፊት በሎሚ እወለውለዋለሁ። ከዚያ አይሲንጉ በሁለት ውፍረት ይከፈላል። ወፍራሙ የዙሪያ መስመር ይሠራል፤ ለጸጉርና ለቅንድብም ይሆናል። ቀጭኑ መሀሉን ይሞላል። የቀጭኑ ልክ የሚለካው በቢላ ነው፤ ሳህኑ ውስጥ መሀል ለመሀል አንድ ጊዜ ይሰነጠቅና ስንጥቁ እስኪገጥም ይቆጠራል። መጻሕፍትና አሠልጣኞች ከ10 እስከ 15 ሰከንድ ይላሉ። ለብርድ ወራት እቀበላለሁ። ለጁላይና ለኦገስት ግን 20 ድረስ እሄዳለሁ። ትንሽ ያስቸግራል፣ በስቴኪኒ እየገፉ ወደ ጥግ ማድረስ ይጠይቃል፤ ነገር ግን አይሲንጉ ውስጥ ያልገባ ውኃ መድረቅ አያስፈልገውም። በሰመር የማምነው ሕግ ይህ ነው።

የአደራረቁ ነገር ቀስ ይበል የሚባል አይደለም። ላዩ ቶሎ ቆዳ ሲይዝ ያንጸባርቃል፤ ቀስ ብሎ ከደረቀ ይደበዝዛል። ትንንሽ ስፍራዎች፣ የድብ አፍንጫ፣ የጥንቸል ጆሮ ውስጥ፣ የንብ ዓይን፣ ላያቸው ሳይጠነክር ውስጣቸው ስለሚሰጥም ጠዋት ሲታዩ ጉድጓድ ሆነው ያድራሉ። መድኃኒቱ ሁለት ነው። አንዱ፣ ከሥር በወፍራሙ አይሲንግ ጥቂት መስመር አስቀድሞ ማስመር፣ ላዩ የሚያርፍበት እንዲያገኝ። ሁለተኛው፣ እንደተሞላ ወዲያው በደቂቃ ውስጥ ቬንቲሌተር ፊት ማቆም። የእኔ ቬንቲሌተር ሌሊቱን ሙሉ ይሠራል። ፍሪጅ ውስጥ አድርጎ ማድረቅ ብዙ ሰው ይሞክራል፤ አይሆንም። ቀዝቃዛ ኩኪስ ወደ ሞቃት ክፍል ሲወጣ ላዩ ላይ ላብ ያወጣል፣ ቀለሙም በዚያ ላብ ይሮጣል።

ቀለም እንዴት እንደሚሮጥ ያስተማረኝ ፓንዳ ነው። ከቻይና የመጡት ባኦ ሊና ቺንግ ባኦ እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2024 ዋሽንግተን ደርሰው በጃንዋሪ 2025 በብሔራዊው የእንስሳት ማቆያ ለሕዝብ ከታዩ ወዲህ የፓንዳ ትእዛዝ በረከተ። መግቢያው ነጻ ስለሆነ ቤተሰብ በሙሉ ሄዶ ያያቸዋል፣ ልጁም ሲመለስ ልደቱ ላይ ፓንዳ ይላል። ፓንዳ ደግሞ ጥቁርና ነጭ ብቻ ነው፤ ስህተት የሚደበቅበት ሦስተኛ ቀለም የለውም። የምግብ ቀለም ውኃ ውስጥ ይሟሟል፤ ውኃው ወደሄደበት ይከተላል። ነጩ ገና እርጥብ ሳለ ጥቁር ቢያርፍበት፣ ወይም ክፍሉ እርጥበት ቢያዝል፣ የዓይኑ ዙሪያ ጠቆር ያለው ክብ ቀስ በቀስ ግራጫ ጭስ እያወጣ ጉንጩ ላይ ይፈሳል።

ፓንዳን አሁን የምሠራው እንዲህ ነው። ነጩ በቅድሚያ ብቻውን ይሞላል፣ ቬንቲሌተር ፊት ከስምንት እስከ አሥር ሰዓት ይደርቃል። ጥቁሩ ከአንድ ቀን በፊት ይዘጋጃል። ነጭ አይሲንግ ላይ ጥቁር ቀለም ከማፍሰስ መጀመሪያ በካካዎ ቡናማ አደርገዋለሁ፤ ከቡናማ ወደ ጥቁር ለመድረስ ትንሽ ቀለም ይበቃል፣ መራራ ጣዕሙም አይገባበትም። ጠቆር ያለ ግራጫ ላይ ሲደርስ አቆማለሁ፤ ተከድኖ ሲያድር ራሱ ይጠቁራል። ቀለም ሲያንስ የሚሮጠውም ያንሳል። ከዚያ ጥቁሩ በደረቀው ነጭ ላይ ወፍራም ሆኖ ያርፋል፣ እንደገና ወደ ቬንቲሌተር። ለአንድ ቅዳሜ ድግስ ፓንዳ ረቡዕ ይጀመራል። ወላጆች ሐሙስ ማታ ደውለው «ለቅዳሜ ይደርሳል ወይ?» ሲሉኝ ዝሆን አቀርብላቸዋለሁ። ዝሆን አንድ ቀለም ነው፣ ጆሮውና ኩምቢው ሥራውን ይጨርሱለታል፣ ልጆችም ይወዱታል።

ስለ ቀለም ካነሳሁ አይቀር፣ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በጃንዋሪ 2025 ቀይ ቁጥር 3 የሚባለውን ቀለም ከምግብ እንዲወጣ ወስኖ ለአምራቾች እስከ ጃንዋሪ 2027 ጊዜ ሰጥቷል። ደማቅ ሮዝ የሚሰጠው ይህ ቀለም ነበር። የእኔ ፍላሚንጎ ዛሬ በቀይ ሥር ዱቄት ነው የሚቀባው፤ ፈዘዝ ያለ ነው፣ ፀሐይ ላይ ከቆየም ይለቃል፣ ለልጅ አፍ ግን ይህን እመርጣለሁ። አውሮፓ ያሉ የሙያ ጓደኞቼ ደግሞ ነጩን የሚያነጣውን ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2022 ከምግብ ስላገደባቸው ፓንዳቸው የዝሆን ጥርስ መልክ አለው። ፎቶውን ሲልኩልኝ አያለሁ፤ ያምራል፣ እንዲያውም ለስለስ ያለ ነው።

ሜሪላንድ ውስጥ የሰመር እንስሳ ማለት ሰማያዊው ሸርጣን ነው። የቼሳፒክ ልጆች ጠረጴዛ ላይ ስላዩት እግሩንም ያውቁታል፣ ስለዚህ በእሱ ላይ ግዴለሽ መሆን አይቻልም። አሥር እግር ግን በሊጥ አይቆረጥም። ገላውንና ሁለቱን መቆንጠጫዎች በሊጥ አወጣለሁ፣ የቀሩትን እግሮች ገላው ላይ በወፍራም አይሲንግ እስላለሁ። ሴቷ የመቆንጠጫዋ ጫፍ ቀይ ነው። ይህን ቀይ ስጨምር ዓሣ አጥማጅ አያት ያለው ልጅ ቶሎ ያስተውላል።

ከሁሉ የሚበልጥብኝ ግን የአገራችን እንስሳት ናቸው። ከእነዚህ እንስሳት ብዙዎቹን ሱቅ ያለው የቅርጽ ማውጫ አያውቃቸውም። ለዋልያ፣ ለጭላዳ፣ ለቀይ ቀበሮ በካርቶን ቅርጽ ቆርጬ፣ ካርቶኑን የቀዘቀዘ ሊጥ ላይ አሳርፌ ዙሪያውን በቀጭን ቢላ እነዳለሁ። ቢላን ሊጥ ላይ ሳይዘነጥሉ መንዳት ከእናቴ አምባሻ የተማርኩት ነው፤ እሷ ንድፉን ለማውጣት ቢላዋን ትጫን ነበር እንጂ አትጎትትም። እኔም እጫናለሁ።

የሰሜን አሜሪካ የኢትዮጵያውያን ስፖርት ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. ከ1984 ጀምሮ በየዓመቱ ጁላይ መጀመሪያ ላይ የእግር ኳስ ውድድሩን ያካሂዳል፤ በዚያ ሳምንት የሚታዘዘው ዋልያ ነው። ልጆቹ ዋልያን በብሔራዊ ቡድኑ ስም ያውቁታል፣ እንስሳው ራሱ ግን በዓለም ላይ ከሰሜን ተራሮች ሌላ ቦታ እንደማይኖር ብዙዎቹ አልሰሙም። ኩኪሱን ሲያዩ መጀመሪያ «ፍየል» ይላሉ። እውነታቸውን ነው፣ የፍየል ዘመድ ነው። ፍየልነቱን የሚያስቀረው ቀንዱ ነው፤ ትልቅ ሆኖ ወደ ኋላ ይቀለበሳል፣ ከፊት ለፊቱም ጉብ ጉብ ያሉ ዙሮች አሉት። ቀንዱ ነጻ ሆኖ ቢቆረጥ ይሰበራል። እኔ ጫፉን ከጀርባው ጋር አገናኘዋለሁ፣ በመካከል የሚቀረውን ክፍተት በሰማያዊ አይሲንግ ሞልቼ ሰማይ አደርገዋለሁ፣ ጉብታዎቹን ደግሞ በወፍራሙ አይሲንግ አንድ በአንድ እጭናለሁ። ልጅ በጣቱ ሲዳስሳቸው ይሰማዋል።

አንበሳም ቢሆን የእኛ ሌላ ነው። ስድስት ኪሎ አንበሳ ግቢ ያደገ ወላጅ ጎፈሩን ወርቃማ ብሠራለት አይቀበለኝም፤ የዚያ ጎፈር ጥቁር ነው፣ ወርዶም ደረትና ሆድ ድረስ ይዘልቃል። ስለዚህ የፊት ብቻ አንበሳ ለእሱ አይበቃም፣ ካርቶኑ ደረቱን ጨምሮ መቆረጥ አለበት። ቀይ ቀበሮ ከተራ ቀበሮ የሚለየው በረጅም እግሩ፣ በቀጭን አፉና በጅራቱ ጥቁር ጫፍ ነው። ዛሬ ዓለም ላይ የቀሩት አዋቂዎቹ ከ500 ያንሳሉ፤ አብዛኞቹ ባሌ ተራሮች ላይ ናቸው። ይህን ሳስብ የጅራቱን ጫፍ በግዴለሽነት መቀባት አልችልም።

ኦገስት ሲገባ ሌላ ሥራ ይመጣል። ከነሐሴ 1 እስከ 15፣ ማለትም ከኦገስት 7 እስከ 21፣ ፍልሰታ ነው፤ ልጆች ሳይቀሩ የሚጾሙት ጾም። በመሀሉ ቡሄ አለ፣ ሙልሙል አለ። በዚያው ሁለት ሳምንት ግን የክፍል ጓደኛ ልደት፣ የሰፈር ድግስም አለ፤ የሚጾም ልጅ ሌሎቹ ዝሆን ሲቆረጥሙ ቆሞ እንዲያይ አልፈልግም። ስለዚህ የጾም ኩኪስ እሠራለሁ። በቅቤ ፈንታ የኮኮናት ዘይት ሞክሩ የሚሉ አሉ፤ በ24 ዲግሪ ስለሚቀልጥ ለሰመር የባሰ ነው። የረጋው የአትክልት ቅባት ግን ከገበታ ቅቤ በላቀ ሙቀት ነው የሚቀልጠው፣ ቅቤ ያለው ውኃም የለውም፤ እናም የጾሙ ሊጥ ጠርዙን ከፍስኩ ይልቅ አጥብቆ ይይዛል። የጎደለው ጣዕም ነው። ለዚያ ኮረሪማውን እጥፍ አደርጋለሁ፣ የብርቱካን ልጣጭ እፍቅበታለሁ፣ በእንቁላሉ ምትክ ሁለት ሦስት ማንኪያ የተፈጨ ፖም ይገባል።

የአይሲንጉ መፍትሔ ከሽምብራ መጣ። እ.ኤ.አ. በ2014 ጆኤል ሮሴል የተባለ ፈረንሳዊ የጥራጥሬ መቀቀያ ውኃ እንደ እንቁላል ነጭ ተመትቶ አረፋ እንደሚያነሳ አሳየ። ሽምብራ ስንቀቅል የኖርን ሰዎች ያንን ውኃ ስንደፋው ኖረናል። እኔ ያለ ጨው ቀቅዬ፣ ውኃውን በዝግታ አፍልቼ እንደ ማር እስኪወፍር አጎድለዋለሁ፣ አቀዝቅዤ ከጥቂት ጠብታ ሎሚ ጋር እመታዋለሁ፣ ከዚያ የላመ ስኳር። የሽምብራው ጣዕም አይሰማበትም። ከእንቁላሉ አይሲንግ ይልቅ ግን ለመድረቅ ይዘገያል፣ ጥቁር ቀለምም በቀላሉ ይሸሽበታል፤ በጾም ፓንዳ አልቀበልም። ዝሆን፣ ኤሊ፣ ዓሣ ነባሪ፣ አንድ ቀለም ያላቸውን እሠራለሁ።

ይህን ኩኪስ ስጀምር የታሰበኝ የጾመኛው ልጅ ብቻ ነበር። ነገር ግን እንቁላልና ወተት የማይስማማው ልጅ ሁሉ ሊበላው ይችላል፤ የእነዚህ ልጆች እናቶች ድግስ ላይ የሚያሳልፉትን ጭንቀት አውቃለሁ፣ እያንዳንዱን ሳህን አንስተው የተጻፈውን ያነባሉ። ሳጥኔ ላይ ስንዴ እንዳለበት በትልቁ ይጻፋል፤ የጾሙ ሥራ በሚሠራበት ቀን ቅቤና እንቁላል ወደ ወጥ ቤቱ አይገባም፣ ሚክሰሩም አስቀድሞ ተፈትቶ ይታጠባል። ባለፈው ነሐሴ አንዲት እናት ለልጇ ልደት ሁሉንም በጾሙ እንዳደርገው ጠየቀችኝ፤ ከጋበዘቻቸው ልጆች ገሚሶቹ ይጾማሉ፣ አንዱ ደግሞ እንቁላል አይነካም። አንድ ዓይነት ኤሊ ለሁሉም ሠራሁ፣ የኤሊው የጀርባ ድንጋይ ላይ የእያንዳንዱ ልጅ ስም ተጽፎ፤ ግማሹ በአማርኛ፣ ግማሹ በእንግሊዝኛ ፊደል፣ እንደየወላጁ ምርጫ።

ለዘንድሮው ፍልሰታ የምሞክረው ጭላዳ ነው። ደረቱ ላይ ያለው ቀይ ቆዳ ካልታየ ጭላዳ አይሆንም፣ ቀይ ደግሞ በሽምብራው አይሲንግ ላይ ይሮጣል። አሁን ያለሁበት ሐሳብ ደረቱን በአይሲንግ አለመቀባት ነው። ከመጋገሩ በፊት ከሊጡ ላይ ያንን ቅርጽ ቆርጬ አውጥቼ፣ በቀይ ሥር የተለወሰ ሊጥ በልኩ ቆርጬ ቦታው ላይ እገጥማለሁ፤ ሁለቱ ሊጦች አብረው ይበስላሉ፣ ቀለሙም የሚሮጥበት ውኃ አያገኝም። የመጀመሪያው ፓትራ ሲወጣ ቀዩ ወደ ቡናማ አዘንብሏል፤ ቀይ ሥር ሙቀት አይወድም። የምድጃውን ሙቀት ወደ 150 አውርጄ፣ ሊጡ ላይ ጥቂት የሎሚ ጭማቂ ጨምሬ ደግሜ እጋግራለሁ።